ለልዩ ፍላጎት ክፍል የሚሆን ሮቦት አሻንጉሊት፦ ሰርቮው ሲነሳ ናኖው ሪሴት ያደርጋል፣ የንክኪ ሴንሰሩ ብቻውን ይነሳል

ጉሬዛ ሰሪዋ (ሀዋሳ፣ አቶቴ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሀዋሳ ለአንድ የልዩ ፍላጎት ክፍል የጉሬዛ ቅርጽ ያለው ሮቦት አሻንጉሊት እየሠራን ነው። ልጆቹ ከ5 እስከ 8 ዓመት ናቸው። አንዱ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትና ሁለቱም እጆቹ የሚገታተሩ ነው፤ አንዷ ኦቲዝም ያላት፣ ድንገተኛ ድምፅ በጣም የሚያስደነግጣት ናት፤ ሦስተኛው የማየት አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሐሳቡ ልጁ የጉሬዛውን ሆድ ሲነካ አሻንጉሊቱ አንገቱን አዙሮ እጁን እንዲያውለበልብና በልጁ እናት ድምፅ የተቀዳ ሰላምታ እንዲያሰማ ነው።

አሁን ያለን፦ አርዱዊኖ ናኖ (ኮዱ የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ)፣ ሁለት ኤስጂ90 ሰርቮ (ወደታዘዘበት ማዕዘን የሚዞር ትንሽ ሞተር)፣ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ (ከካርድ ድምፅ የሚያጫውት ሰሌዳ) ከባለ 3 ዋት ስፒከር ጋር፣ ከጨርቁ ሥር አንድ ቲቲፒ223 የንክኪ ሴንሰር፣ አንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ፣ ቲፒ4056 ቻርጀር እና ቮልቴጁን ወደ 5 ከፍ የሚያደርግ ኤምቲ3608።

ሰርቮዎቹ ሲነሱ ናኖው ሪሴት ያደርጋል፣ ማለትም ሥራውን አቋርጦ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ድምፁም ይቋረጣል። ሴንሰሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲነካ ዝም ይላል። እጁ የሚገታተረው ልጅ እጁን አንዴ ካሳረፈ በኋላ ማንሳት ስለሚቸግረው ጉሬዛው ሳያቋርጥ ይወራጫል። ከየቱ ልጀምር? ጠንከር ያለ ሰርቮ ልግዛ ወይስ ሌላ ቦርድ?


ስታኞ (ሀዋሳ፣ ፒያሳ)

ሰላም እህቴ። ሰርቮም ቦርድም አትግዢ። ችግሩ ያለው ከባትሪው እስከ ሰርቮው ባለው መንገድ ላይ ነው።

ኤስጂ90 ከቆመበት ሲነሳ ወይም ሲታገድ እያንዳንዱ ከ600 እስከ 700 ሚሊአምፒር ይስባል። ሁለቱ አብረው ሲነሱ፣ ስፒከሩ ሳይቆጠር፣ ከ1.2 አምፒር ያልፋል። ይህን በ5 ቮልት ለመስጠት ኤምቲ3608 ከባለ 3.7 ቮልቱ ባትሪ ወደ 2 አምፒር መሳብ አለበት፤ ይህ ደግሞ የሞጁሉ ጣሪያ ነው። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይወድቃል። የናኖው ቺፕ 2.7 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ራሱን ሪሴት እንዲያደርግ ተደርጎ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰርቮዎቹን ከናኖው 5 ቮልት እግር ላይ አስረሻቸው ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በቦርዱ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ለዚህ አልተሠራም።

ሊቲየሙንና ኤምቲ3608ን አውጥተሽ አራት ቻርጅ የሚደረጉ የዳብል ኤ መጠን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች በተርታ እሰሪ። በጠቅላላው 4.8 ቮልት ነው፣ ከቻርጀር እንደወጡ እስከ 5.8 ይደርሳል። ሰርቮዎቹ በቀጥታ ከባትሪው ይመገቡ፤ ኤስጂ90 ከ4.8 እስከ 6 ይችላል። ከሰርቮዎቹ አጠገብ፣ በፕላስና በማይነስ መካከል፣ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 10 ወይም 16 ቮልት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች) አስገቢ። ማይነሱ ያለበትን ወገን ካላየሽ ካፓሲተሩ ይፈነዳል፤ በነጭ መስመር ምልክት ተደርጎበታል።

ናኖውና ዲኤፍፕሌየሩ ከዚያው ባትሪ ይመገቡ፣ ግን በ1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በኩል። ዳዮዱ 0.7 ቮልት ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አዲስ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ እንኳ 5.1 አካባቢ ነው የሚሰጣቸው። ከዳዮዱ በኋላ ሌላ 470 ማይክሮፋራድ አድርጊ። ሰርቮዎቹ ባትሪውን ሲያወርዱት ዳዮዱ ወደ ኋላ አያሳልፍም፤ ናኖው ከራሱ ካፓሲተር እየኖረ ያልፋል። ይህች አንዲት ዳዮድ ከማንኛውም ውድ ቦርድ ትበልጣለች። መስመሩ ወደ 5 ቮልት እግሩ ይግባ፣ ወደ ቪን እግሩ አይደለም። ዩኤስቢ ስትሰኪ የባትሪውን ማብሪያ አጥፊ። ማይነሶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኙ፤ ካልተገናኙ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል።

በአራት ተራ ድንጋይ አትሞክሪው። አዲስ ሲሆኑ ከ6 ቮልት ያልፋሉ፣ ትንሽ ሲደክሙ ደግሞ የሰርቮውን አምፒር መስጠት ያቅታቸዋል።

ዲኤፍፕሌየሩ ጩኸት ካለው ከናኖው ወደ እሱ በሚሄደው የዳታ ሽቦ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቢ። ካርዱ ከ32 ጊጋ አይበልጥ፣ በፋት32 ፎርማት ይደረግ። ድምፆቹን ኤምፒ3 ብለሽ በላቲን ፊደል በሰየምሽው ፎልደር ውስጥ 0001፣ 0002 እያልሽ በአራት አኃዝ አስቀምጪ፤ አለበለዚያ በስማቸው ሳይሆን ወደ ካርዱ በተቀዱበት ቅደም ተከተል ስለሚጫወቱ የአንዱ ልጅ እናት ድምፅ ለሌላው ይወጣል።


ፊዚዮ ታቦር

ስታኞ ያለውን እንዳለ ተቀበዪው። ከእኔ በኩል ትልቁ ጉዳይ የንክኪ ሴንሰሩ ነው፤ አውጪው።

ጡንቻው የሚገታተር ልጅ እጁን ወደፈለገበት ለማድረስ ብዙ ይለፋል። ደርሶም ከእጁ ሥር ዝቅ የሚል፣ ቀጭ የሚል ነገር ካላገኘ መድረሱን በምን ያውቃል? የንክኪ ሴንሰር ሳይታሰብ የተወራጨን እጅና ሆን ብሎ የተጫነን እጅ አይለይም። ምራቅ ያረጠበውን ጨርቅ ጣት ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ሲበራ ያገኘውን ሁኔታ ደግሞ ያልተነካ ነው ብሎ ስለሚይዝ፣ ልጁ እጁን ጭኖበት ሳለ ካበራሽው ሲነካ ዝም ይላል። ሁለቱም ምልክቶች ከዚህ የመጡ ናቸው።

በምትኩ ትልቅ ስዊች ከአሻንጉሊቱ ውጭ ሥሪ። ከ6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 12 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች አስቆርጪ፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። በታችኛው መሃል ላይ ምላስ ያለው ማይክሮ ስዊች በሁለት ብሎን ይታሰር። ከሦስቱ እግሮች ኮም እና ኤንኦ የሚሉትን ብቻ ተጠቀሚ። የላይኛውን ክብ በአራት ቦታ የስክሪብቶ ሞላ ይሸከመው። ስፖንጅም ይሆናል የሚሉ አሉ፣ ግን ስፖንጅ ከጊዜ በኋላ ተጣጥፎ ስለሚቀር ስዊቹም ተጭኖ ይቀራል። ከዳር ሦስት እንጨት ለጥፊ፤ ክዳኑ ስዊቹ ቀጭ ካለ በኋላ 1 ሚሊሜትር ያህል ወርዶ እነሱ ላይ ይረፍ። እነዚህ ከሌሉ የልጁ ሙሉ ኃይል በማይክሮ ስዊቹ ላይ ይወድቅና ምላሱ ይጣመማል። ክዳኑ ከጠርዙም ሲጫኑት መሥራት አለበት፣ ምክንያቱም ይህ ልጅ መሃሉን አያገኝም።

ስዊቹን ከጉሬዛው ጋር በባለ 3.5 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ አገናኚ። ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ የፋብሪካ ስዊቾች በአብዛኛው ይህንኑ ጃክ ስለሚጠቀሙ ነገ አንድ ሰው ከውጭ ቢያመጣ እዚያው ይሰካል። ከሁሉ በላይ ግን ስዊቹ ተነቃይ ከሆነ ለአንዱ ልጅ እጁ ሥር፣ ለሌላው ጉልበቱ አጠገብ፣ ለሌላው ጭንቅላቱ ጎን ማድረግ ትችያለሽ። እጅ የግድ አይደለም። ልጁ ደጋግሞ፣ ሳይደክም፣ ሲፈልግ ብቻ የሚያደርገው እንቅስቃሴ የቱ ነው? ስዊቹ እዚያ ይሁን።

አቀማመጡን አትርሱ። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ወደ 90 ዲግሪ ይጠጉ፣ እግሩ በአየር ላይ አይንጠልጠል። ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። ስዊቹ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ልጁ ያዘንብል፣ በቬልክሮ ይያዝ። አሻንጉሊቱ በትክክል ፊት ለፊት፣ በዓይን ልክ ይቀመጥ። ብዙ የሴሬብራል ፓልሲ ልጆች ላይ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሳይታዘዝ ይዘረጋል፣ የሌላው ይታጠፋል። ጉሬዛውን ወደ ቀኝ ካስቀመጣችሁት ልጁ ሊያየው በዞረ ቁጥር እጁ ከስዊቹ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ አልገባውም ይባላል።

ጊዜውን በተመለከተ ኮዱ መጫኑን እንጂ ተጭኖ መቆየቱን አይቁጠር። አንድ መጫን፣ አንድ ድርጊት፣ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ፣ ከዚያ ጸጥ። እጁ እዚያው ቢቀርም ጉሬዛው ያርፋል። እጁን ለማንሳት በቂ ጊዜ ስጡት፤ አጠገቡ ያለው ሰው ቢያንስ በልቡ እስከ 15 ይቁጠር እንጂ እጁን ይዞ አይጫንለት።


ስታኞ (ሀዋሳ፣ ፒያሳ)

ፊዚዮ ታቦር ያለውን ወደ ኮድ ለመለወጥ አራት ቁጥሮችን ከላይ በተለዋዋጭ አስቀምጪ፣ ለየልጁ እንዲቀየሩ። አንደኛ፣ ስዊቹ ሳይቋረጥ ስንት ሚሊሰከንድ ከተጫነ ነው የሚቆጠረው? 50 ለብረቱ ንዝረት ብቻ ይበቃል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ከ150 እስከ 300 አድርጊው። ሁለተኛ፣ የድርጊቱ ርዝመት። ሦስተኛ፣ ድርጊቱ ካለቀ በኋላ አዲስ መጫን የማይቀበልበት ጊዜ፣ 1000 ሚሊሰከንድ። አራተኛ፣ የድምፅ ከፍታ። ዲሌይ በሚለው ትዕዛዝ አትጻፊው፣ እሱ እየጠበቀ ስዊቹን አያይም፤ ሚሊስ በሚለው ሰዓቱን እያነበብሽ ሥሪ።

ዲኤፍፕሌየር ለመጀመር ትንሽ ይዘገያል። ልጁ ግን መጫኑንና ውጤቱን የሚያገናኘው ውጤቱ ወዲያው ከመጣ ነው። ስለዚህ ስዊቹ እንደተቆጠረ፣ ከድምፁ በፊት፣ አንድ የስልክ ንዝረት ሞተር በስዊቹ ክዳን ሥር ለ200 ሚሊሰከንድ ይንዘር። የናኖው አንድ እግር በምቾት የሚችለው 20 ሚሊአምፒር ስለሆነ ሞተሩን በ2ኤን2222 ትራንዚስተር ንጂው፤ ቤዙ (የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር) ላይ 1 ኪሎ ኦም፣ ከሞተሩ ጎን በተቃራኒው አንድ ዳዮድ። ይህ ከሆነ ለንዝረቱ ሌላ ሽቦ ስለሚያስፈልግ ስቴሪዮ ጃክ አትጠቀሚለት፤ ለብቻው መሰኪያ ይኑረው፣ የስዊቹ ሞኖ ሆኖ ይቅር።

የስዊቹ ሽቦ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ የናኖው የውስጥ ሬዚስተር አይተማመኑበትም፤ በአጠገቡ ያለ ሞተር ያስነሳዋል። ከ5 ቮልት ስዊቹ ወደሚገባበት የናኖው እግር 10 ኪሎ ኦም፣ ከእግሩ ወደ ማይነስ 0.1 ማይክሮፋራድ ጨምሪ።


መምህርት ዘሀዋሳ

ስለ ኦቲዝሟ ልጅ። ኤስጂ90 በሙሉ ፍጥነቱ 60 ዲግሪን በ0.1 ሰከንድ ነው የሚዞረው፣ ያውም እየጮኸ። አንገቱ ድንገት የሚዞር ነገር ማንንም ያስደነግጣል። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ አንድ ዲግሪ ብቻ እንዲሄድ አድርጉት፤ 60 ዲግሪን በ1.2 ሰከንድ ይጨርሳል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ቦታው ሲደርስ ሲግናሉ ይቋረጥ፣ አለበለዚያ በጸጥታው ውስጥ እንደ ትንኝ ይጮሃል። አንገቱና እጁ አብረው ሳይሆን ተራ በተራ ይንቀሳቀሱ።

ድምፁ ከ0 እስከ 30 ባለው የዲኤፍፕሌየር መለኪያ ከ8 ይጀምር፤ ጣሪያው በኮድ ይታሰር፣ ማንም እንዳያሳድገው። ቀረጻውን ራሱን ከጸጥታ ቀስ ብሎ የሚነሳ አድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ድምፅ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ፤ ከዚያ ድምፅ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ልጁ ይሰለቻል ብሎ ገና ከጅምሩ በዘፈቀደ የሚቀያየር ማድረግ ለኦቲዝም ልጅ ትልቅ ስህተት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቋ ነው የሚያቀርባት። ለውጡ በኋላ ይምጣ፣ አንድ በአንድ፣ ከፊቱ የማስጠንቀቂያ ሥዕል እየታየ። ፊቱንም አታብዙት። በእንግሊዝ የሄርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ለኦቲዝም ልጆች የሠራው ካስፓር የተባለው ሮቦት ፊቱ ሆን ተብሎ ቀላል የተደረገው ለዚሁ ነው። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ፣ በቃ።

ሁለተኛ የስዊች መሰኪያ ጨምሩ። አንዱ ልጅ ሲጫን አንገቱ፣ ሌላው ሲጫን እጁ ይንቀሳቀስ፤ ኮዱ አንዱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዳይጫን ያድርግ። ተራ መጠበቅን በዚህ መንገድ እንደመማር የሚቀል የለም፣ ወንድም እህትም ጨዋታው ውስጥ ይገባሉ።

ማየት ለሚቸግረው ልጅ የጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ጥሩ መነሻ ነው። ከኋላው ግን አበባ ያለበት መጋረጃ ካለ ሁሉም ይጠፋል፤ ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ። በሚንቀሳቀሰው እጅ ላይ ብቻ ቀይ ወይም ቢጫ ጓንት አልብሱት። ስፒከሩ ጉሬዛው ውስጥ ይሁን፣ ድምፁ ከዕቃው እንዲመጣ። ሲያስተዋውቁት የልጁን እጅ አይያዙ፤ የእርስዎ እጅ ከሥር፣ የእሱ ከላይ ሆኖ ሲፈልግ የሚያነሳው ይሁን። የተለያየ ጨርቅ ይጠቅመዋል፦ ሆዱ ለስላሳ፣ ጅራቱ ጸጉራም።

ቀረጻው ደግሞ ልጁ ቤቱ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ሀዋሳ ውስጥ ለአንዱ ሲዳሙ አፎ፣ ለአንዱ አማርኛ፣ ለሌላው ወላይትኛ ነው። ስሙን ጠርታ የምትጀምር እናት ከማንኛውም ዘፈን የበለጠ ፊቱን ታዞረዋለች።


የመነኻሪያው

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ናኖም ኮድም ከመግባቱ በፊት ከገበያ የሚገኘውን በባትሪ የሚራመድ ውሻ ወይም መኪና በስዊች ማስነሳት በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ልጆቹ ትልቁን እስኪጠብቁ ይጫወቱ።

ከአሮጌ መታወቂያ ካርድ የባትሪውን ጫፍ የሚያክል ክብ ቁረጪ። በሁለቱም ፊት ቀጭን መዳብ ለጥፊ፣ እርስ በርሳቸው አይንኩ። በእያንዳንዱ ፊት ሽቦ በይጂ፣ ጫፉን ከሴት ጃክ ጋር አገናኚ። ክቡን በባትሪውና በብረት ምላሱ መካከል ሰክተሽ የአሻንጉሊቱን ማብሪያ ክፍት ተዪው። ስዊቹ ሲጫን ብቻ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። የባትሪ ክዳኑ ሽቦውን እንዳይቆርጠው ጠርዙን በካቻቪቴ ጫሪለት።

የሚሠራው ግን ማብሪያው ተንሸራታች ለሆነ ዕቃ ብቻ ነው። እጁን ሲጫኑት የሚዘፍን ዓይነት ኃይል ሲቋረጥ ይረሳል፣ ሲመለስም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለእሱ ሆዱን ፈትተሽ በቁልፉ ሁለት ነጥቦች ላይ ጎን ለጎን ሽቦ መበየድ አለብሽ።


ጉሬዛ ሰሪዋ (ሀዋሳ፣ አቶቴ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጁ የሚወዛወዘውን እጅ ይዞ ሲጎትተው የኤስጂ90 ጥርስ ይበላል፤ በብረት ጥርሱ ኤምጂ90ኤስ ልቀይረው? ከመስጠታችን በፊትስ ለደኅንነት ምን ምን ልፈትሽ?


ስታኞ (ሀዋሳ፣ ፒያሳ)

አትቀይሪ። ብረቱ አይበላም፣ ግን አይሰጥም፤ ጣት ቢይዝ አይለቅም፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ኤስጂ90ን ተይውና እጁን ከሰርቮው ጋር በቀጥታ አታገናኚው። መካከል ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል የላስቲክ ቱቦ፣ የመድኃኒት መስጫ ጉሉኮስ ቱቦ ድርብ አድርገሽ አስገቢ። ሲጎተት ቱቦው ይታጠፋል፣ ጥርሱ ይተርፋል።


ፊዚዮ ታቦር

ለፍተሻው እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ባትሪው። 18650ው መውጣቱ ጥሩ ሆነ፤ ቢወድቅ ወይም ቢቀጠቀጥ የሚያቃጥል ነገር ከልጅ እቅፍ ውስጥ አይገባም። የኒኬሉም ሳጥን ክዳን በቪቲ ይዘጋ፣ ቻርጅ የሚደረገው ከአሻንጉሊቱ ወጥቶ ነው። በባትሪው ፕላስ ላይ 2 አምፒር ፊውዝ አስገቢ። የሳንቲም ባትሪ በየትም ቦታ አይኑር፤ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ያቆስላል። ማግኔትም እንዲሁ፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀትን መካከላቸው ይዘው ይበሳሉ።

ዓይን፣ አፍንጫና ቁልፍ ይሰፉ እንጂ አይለጠፉ። የአሻንጉሊት ደረጃዎች የሚጠቀሙበት መፈተሻ ቱቦ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ተገንጥሎ በእዚያ የሚገባ ማንኛውም ነገር ሊያንቅ ይችላል። እነዚህ ልጆች 8 ዓመት ቢሆናቸውም ብዙዎቹ ዕቃ ወደ አፍ ስለሚያስገቡ ከ3 ዓመት በታች እንዳሉ ቁጠሪያቸው። በሚንቀሳቀሰው እጅና በገላው መካከል ያለው ክፍተት ወይ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ወይ ከ12 የበለጠ ይሁን፤ በመካከሉ ያለው ጣት ይይዛል።

መብራት ካስገባሽ ብልጭ ድርግም አታድርጊው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። ቀስ ብሎ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ይሁን፤ የግድ ከሆነ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በታች።

የስዊቹ ሽቦ ከጠረጴዛው ኋላ ወርዶ በቬልክሮ ይታሰር፣ አንገት አካባቢ አይደርስም። ጃኩ ሲጎተት በቀላሉ ይውጣ፣ አትለጥፊው። የጉሬዛው ልብስ ከጀርባው በቬልክሮ የሚወልቅ ሆኖ ሁለት ይሠራለት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ምራቅ ወደ ናኖው እንዳይወርድ ሰሌዳው ከሆዱ ይልቅ ከጀርባው በኩል፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይሁን። የስዊቹን ክዳን ቀለም በሌለው ፕላስቲክ ሸፍኚው፣ በልጅና በልጅ መካከል በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ።

ስትሰጪያቸው ሁለት ትርፍ ማይክሮ ስዊች፣ አንድ ሰርቮና አንድ ጃክ በከረጢት አብረሽ ስጪ፣ የአራቱን ቁጥሮች ዝርዝርም ለየልጁ ጽፈሽ ከጀርባው ለጥፊ። መጀመሪያ የሚበላሸው ጃኩ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው፤ እዚያ ላይ ትኩስ ሙጫ ሳይሆን በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ በሁለት ድርብ አልብሺው።